የክብር እንግዳ የሚጠብቅ የዓይን ጠብታ

የከተማችን የዓይን ጤና ኮሚቴ ሥራው ከሩቅ የሚታይ ነው፤ ቀረብ ብሎ ያየው ሰው ግን የለም። በዘንድሮው ዘመቻ ከፓትና ከተማ የመጣችው ሐኪም የአርባ ሰው የዓይን ሞራ ገፍፋ ሄደች። ከአርባዎቹ አንዷ የዘጠኝ ዓመቷ ልጄ ጉንጃ ናት። ሐኪሟ ስትሰናበተን፣ ነገ ጠዋት ፋሻው እንደተፈታ ጠብታው እንዲጀመር፣ ጀርም ዓይን ውስጥ ከገባ ዓይኑ እንደሚጠፋ አስጠነቀቀችን።

ኮሚቴው ማስጠንቀቂያውን በጥብቅ ተቀበለ፤ አርባውን ብልቃጥ ቁም ሳጥን ውስጥ ቆለፈበት። ያለ ክብር እንግዳ፣ ያለ አበባ ጉንጉንና ያለ ፎቶግራፍ የታደለ መድኃኒት እንዴት ያድናል? እንግዳው ደግሞ ሌላ ቦታ የውሃ ፓምፕ ስለሚመርቁ እስከ ሐሙስ አይደርሱም። ዕለቱ ሰኞ ነበር። ጀርሞቹ እንዲታገሡ ደብዳቤ ይጻፍላቸው አይጻፍላቸው አላውቅም።

ማክሰኞ ጠዋት ፋሻው ሲፈታ ለክብር ባቡ ወደምንላቸው የኮሚቴው ጸሐፊ ወደ ትሪቬኒ ባቡ ሮጥኩ። ሻያቸውን እየጠጡ፣ ሥነ ሥርዓት ሥነ ሥርዓት መሆኑን አስረዱኝ። ለጊዜው እንደ ሠላሳ ዘጠኙ ሰዎች አንድ ወረቀት ላይ አሻራዬን እንዳሳርፍ ጋበዙኝ።

እኔ ግን የጎልማሶች ትምህርት ከገባሁ ስድስት ወር ሆኖኛል። በጣቴ እየተከተልኩ አነበብኩት።

“ባቡ፣ ይሄ እኮ ጠብታዬን ተቀብያለሁ ይላል።”

“ታዲያስ? ሪፖርቱ ትናንት ሄዷል። አርባውም ታድሏል።”

“ቁም ሳጥኑስ?”

“በወረቀት ባዶ ነው።”

“ባዶ ከሆነ ቁልፉ ምን ያደርጋል? ይክፈቱልኝ።”

ትሪቬኒ ባቡ አሰቡ። ጠብታው አለ ቢሉ ሪፖርቱ ውሸት ይሆናል፤ የፈረሙበት ደግሞ ሊቀ መንበሩ ናቸው። ከፈቱት።

“አንድ ውሰጂና ሂጂ።”

“ከባዶ ቁም ሳጥን አንድም አርባም ቢወሰድ ያው ነው፤ ባቡ።”

ብልቃጦቹን ከነካርቶናቸው በሳሪዬ ጫፍ ስቋጥር፣ “እባክሽ እቴ፣ ካርቶኖቹን እንኳ ተዪልኝ፤ ለፎቶው” ብለው ለመኑኝ። ተውኩላቸው። እኩለ ቀን ሳይሞላ አርባው ቤት ጠብታው ደረሰ።

ሐሙስ እንግዳው መጥተው፣ ስለ ብርሃን ረጅም ንግግር አድርገው፣ አርባ ካርቶን በክብር አደሉ። ጉንጃ ጋ ሲደርሱ ጎንበስ አሉ።

“ይታይሻል የኔ ልጅ?”

“አዎ።”

“ምን ይታይሻል?”

“ባዶ ካርቶን።”

እንግዳውም መድኃኒቱ በዚህ ፍጥነት መሥራቱ አስደንቋቸው አጨበጨቡ።