ጋሽ ስፔስና ትንሿ ሁለት

በየመሥሪያ ቤቱ ኮምፒውተርን እንደ ጠላት የሚደበድብ አንድ ሰው አይጠፋም። ለእኛ ትምህርት ቤት የደረሱን ክቡር የኬሚስትሪ መምህራችን፣ ጋሽ ስፔስ ናቸው። ስሙን ያወጡላቸው ተማሪዎቹ ናቸው፤ ፍዳውን የማየው ግን እኔ፣ የፈተና አባዢዋ ነኝ።

ክቡርነታቸው ፈተና የሚጽፉት ኖትፓድ በሚባለው ተራ የጽሑፍ ፕሮግራም ብቻ ነው። ኖትፓድ ደግሞ ቁጥር አሳንሶ ከፊደል ግርጌ ማስቀመጥ አያውቅም። እሳቸው ምን ገዷቸው! ውሃን ለመጻፍ H እና O ይጽፉና ወደ ታችኛው መስመር ይወርዳሉ፤ ከዚያ ባዶ ቦታ የሚተወውን የስፔስ ቁልፍ ቋ ቋ እያደረጉ ሁለቷን ከ H ሥር ያቆሟታል። ለቻርጅ ምልክት፣ ለፕላስና ለማይነስ፣ ደግሞ ወደ ላይኛው መስመር ይወጣሉ። ገጹ ሲያልቅ የፎቅ ደረጃ ይመስላል።

"ጋሼ፣ በወርድ ፕሮግራም እኮ አንድ ቁልፍ ነው!"

"ጌጥ ለሠርግ ነው!" ይሉኛል።

ፋይሉ እኔ ኮምፒውተር ላይ ሲከፈት ታዲያ ቁጥሮቹ በሙሉ ይንሸራተታሉ። ውሃው ውሃ መሆኑን ይተዋል። አምና አንድ ክፍል ሙሉ ተማሪ በዓለም ላይ በሌለ ንጥረ ነገር ተፈተነ፤ አንዷ ደፋር እንዲያውም ጥቅሙን ዘርዝራለች። እኔ አለቀስኩ። ርዕሰ መምህሩ ግን "ይሄ ከተደገመ ሰውዬው ክፍል አይገቡም፤ ዕቃ ግምጃ ቤት ነው የምመድባቸው" አሉ።

ስለዚህ የዘንድሮውን እኔው በወርድ ጻፍኩትና እንዲያዩት ሰጠኋቸው። ወረቀቱን አራቁት። አቀረቡት። ወደ መስኮቱ ዞሩ።

"ሁለቷስ?"

"ይቺውና ጋሼ፣ ከ H ጎን፣ ዝቅ ብላ።"

"አዎ፣ አየኋት" አሉ። አላዩዋትም። ለካ ያን ሁሉ ዘመን ስፔስ የሚደበድቡት፣ ሁለቷ ከፊደሉ እኩል ትልቅ ሆና እንድትታያቸው ኖሯል።

"በትልልቅ ፊደል ላትምልዎት?"

"ሰው ያውቅብኛል። በደረጃው ይሳቁ ግድ የለም። ከክፍል ካስወጡኝ ምን ልሠራ ነው፣ ልጄ?"

አንጀቴን በሉት። አሁን ለተማሪዎቹ በወርድ፣ ለእሳቸው በኖትፓድ ሁለት ጊዜ እጽፋለሁ። ዓይናቸው እየባሰ ነው፤ እስከ መቼ እንደምሸፍናቸው አላውቅም።

ትናንት ርዕሰ መምህሩ ጠረጴዛዬ ላይ የእሳቸውን ቅጂ አገኙ።

"ይሄን ጉድ ደግሞ ማነው የጻፈው?"

"እኔ ነኝ" አልኩ። "ጌጥ ለሠርግ ነው።"