ታከለ ገነነ አንድ ሰው ነው

ለዕውቀት ሌት ተቀን የሚደክሙ ሰዎች ባይኖሩ ኖሮ እኛ የፍኖተ ሰላም ሰዎች ዛሬም እንደ ጥንቱ ማን የማን ልጅ እንደሆነ በትክክል እያወቅን እንኖር ነበር። ከዚህ ያዳነን የዘር ሐረግ አጥኚ ኮሚቴያችን ነው። የኮሚቴው ጸሐፊ እኔ ነኝ፤ ስለዚህ የምናገረው ሁሉ በቃለ ጉባኤ የተደገፈ ነው።

ነገሩን ለማያውቅ ላስረዳ። በእኛ በኩል በብዙ ቤት የመጀመሪያ ወንድ ልጅ የአያቱን ስም ይወርሳል። ታከለ ገነነን ይወልዳል፤ ገነነ ታከለን ይወልዳል፤ ያም ታከለ በተራው ገነነን እያለ ወደ ላይ ይወጣል። ገበያ መሀል ቆሞ «ታከለ ገነነ» ብሎ የተጣራ ሰው ግማሹን ገበያ ያዞራል። ሕዝቡ ግን ስልጣኔ ስለጎደለው አልተቸገረም። ለእያንዳንዱ ታከለ ቅጽል አውጥቶ አንዱን ታከለ ብርዱ፣ አንዱን ታከለ ጎፈሬ፣ አንዱን ታከለ ጋሪ ይለዋል። በዚህ ኋላ ቀር ዘዴ ስንት ዘመን ሰው ከሰው ሳይምታታ ኖረ።

ሊቀመንበራችን አቶ ጌታሁን ታከለ ገነነ ይህን ጉድ ዝም ብለው ማየት አልቻሉም። ባሕር ዳር ሄደው ስለ ዘር ሐረግ አጭር ስልጠና ወሰዱና ረጅም የምስክር ወረቀት ይዘው ተመለሱ። በመጀመሪያው ስብሰባ ቅጽል ስም ሁሉ የሰውን ክብር ስለሚነካ ከጥናቱ እንዲወጣ ሐሳብ አቀረቡ። «ጋሪ» የሚለውን ሲያነሡ ድምፃቸው ከረር ብሎ ነበር። ሟች አባታቸው አያ ታከለ ዕድሜ ልካቸውን በዋናው መንገድ የፈረስ ጋሪ ስለነዱ ነው የሚሉ ክፉ አፎች አሉ። እኔ አላልሁም። ቅጽል በሙሉ ድምፅ ታገደ።

ቀጥሎ የጥናቱ መርሕ ጸደቀ፦ የራሱ፣ የአባቱና የአያቱ ስም የገጠመ ሰው፣ የትም ቢገኝ አንድ ሰው ነው።

«አንዱ የሞተ፣ አንዱ በሕይወት ያለ ቢሆንስ?» ሲል ገንዘብ ያዣችን እጅጉ ጠየቀ።

«ሞትና ሕይወት ዝርዝር ጉዳይ ነው» አሉ አቶ ጌታሁን። «በሁለተኛው ምዕራፍ ይታያል።»

የጥናቱ ውጤት ምን ልበላችሁ፣ አንጀት ያርሳል። የሊቀመንበራችን አባት ታከለ ገነነ ቡሬ ላይ ቤተ ክርስቲያን አሳንጸዋል፤ በዚያው ሰሞን ደጋ ዳሞት ወጥተው ደም አስታርቀዋል፤ በገዛ ቅድመ አያታቸው ሠርግ ላይ ሚዜ ሆነዋል። ዕድሜያቸው ከሁለት መቶ ዓመት ዘለለ። አቶ ጌታሁን ይህን ለጉባኤው ሁለት ጊዜ አነበቡ፤ እኛም ሁለት ጊዜ አጨበጨብን። ስለ ጋሪ የተነሣ ነገር አልነበረም።

ሥራችን እንዲህ ሰምሮ ሳለ ሁለት ልጆች ተፋቅረው አስቸገሩን። አንዷለም የቡሬ ልጅ ነው፤ ባጃጅ ይነዳል። ያምሮት ከደጋ ዳሞት፣ የፈረስ ቤት ከተማ ልጅ ናት፤ እዚሁ ከተማ ፀጉር ቤት አላት። ሽማግሌዎች በአሮጌው ልማድ፣ በቅጽሉ፣ ሰባት ቤት ቆጥረው ዝምድና እንደሌላቸው አረጋገጡና ሠርጉ ለጥር ተቆረጠ። ጥናታችን ግን የአንዷለም አባት ታከለ ገነነ ታከለ፣ የያምሮትም አባት ታከለ ገነነ ታከለ መሆናቸውን ደረሰበት። ስለዚህ ልጆቹ ወንድምና እኅት ናቸው። ወሬው ቄስ ሀብተሚካኤል ዘንድ ደረሰ።

«እኔ በበኩሌ አላምነውም» አሉ ቄሱ። «ግን እንዲህ ዓይነት ነገር ከተወራ ወዲያ ተክሊል አላደርስም። ያወራው አፍ ይመልሰው።»

ጠላው ተጠንስሷል፤ ዳሱ ሊጣል ነው። አንዷለም የኮሚቴው በር ላይ ሲንከራተት ሰነበተ።

«ጋሼ፣ እኔ ሌላ ሴት አላገባም» አላቸው አቶ ጌታሁንን።

«ያኮራል» አሉት። «እኅቱን እንዲህ የሚወድ ወጣት ዛሬ የት ይገኛል?»

ጉዳዩን በጥልቀት ለማየት ሁለቱ አባቶች ተጠሩ። ታከለ ገነነ አንድ ሰው ስለሆነ የተዘጋጀው አንድ ወንበርና አንድ የታሸገ ውኃ ነበር።

«ታከለ ገነነ ማነው?» አሉ ሊቀመንበሩ።

«አቤት» አሉ ሁለቱም።

«አንዳችሁ ብትመልሱ ይበቃል።»

የቡሬው ታከለ፣ ራሳቸው ላይ አንድ ፀጉር የሌለ ሰውዬ፣ ወንበሩን ለሌላው ታከለ ለቀው ቆሙ። «ጌታዬ፣ እኔ ቡሬ ነው የምኖር፤ እሳቸው ፈረስ ቤት ናቸው። ዛሬ ጧትም በየፊናችን ነው የመጣን።»

«ጥናቱ ታከለ ገነነ ተንቀሳቃሽ ሰው መሆናቸውን ያረጋግጣል።»

«እኔ እኮ እኒህን ሰው ያየኋቸው ልጆቻችን ከተፈላለጉ ወዲህ ነው» አሉ በሁለት ጋቢ የተጠቀለሉት የፈረስ ቤቱ ታከለ።

«ሰው ራሱን ዘግይቶ ሊያውቅ ይችላል።»

የቡሬው ታከለ ጥቂት አሰቡ። «እንግዲያ የያምሮት እናት የኔም ሚስት ናት?»

የፈረስ ቤቱ ታከለ ጋቢያቸውን ከጆሯቸው ገለጥ አደረጉ። «ቀስ ይበሉ እንጂ፣ አያ ታከለ» አሉ።

ስብሰባው ሠርጉ እንዲታገድ በሙሉ ድምፅ ወስኖ ተጠናቀቀ። ሁለቱ አባቶች አንገታቸውን ደፍተው ያምሮት ፀጉር ቤት ገቡ። ያምሮት አልቅሳ አልቅሳ ዓይኗ ደም መስሏል። ታሪኩን እስከ መጨረሻው ሰማችና ፊቷን ጠረገች።

«አንድ ሰው ናችሁ ነው ያሉ?»

«አንድ ሰው።»

«የጋሽ ጌታሁን አባትም ያው ታከለ ገነነ ናቸው?»

«ያው ነው ይላሉ።»

«እንግዲያ ምን ሆናችሁ ከኔ ዘንድ ትቀመጣላችሁ? እዚሁ ዋናው መንገድ ላይ የሞቀ ቤት አላችሁ። በሉ፣ ቤታችሁ ግቡ።»

በማግሥቱ ቃለ ጉባኤውን ላስፈርም አቶ ጌታሁን ቤት ሄጄ ስለነበር የሆነውን በዓይኔ አይቻለሁ። የሊቀመንበሩ እናት እማሆይ ወለተ ኢየሱስ መቁጠሪያቸውን ይዘው ደጅ ተቀምጠዋል። ባላቸው ካረፉ ወዲህ ቆብ ጭነው በጸሎት የሚኖሩ ናቸው።

«ቤቶች» የሚል ድምፅ ተሰማ።

«ማነው?»

«ታከለ ገነነ» አሉ ሁለቱ አባቶች፣ ከበሩ እንደቆሙ።

እማሆይ ልጃቸው ስለ ጥናቱ ሲያወራ ሰምተዋል። አንዱንም አዩ፣ ሌላውንም አዩ፣ መቁጠሪያቸውን አስቀመጡ። «የት ጠፍተህ ከረምህ?» አሉ።

«ቡሬ ነበርሁ።»

«ፈረስ ቤት ነበርሁ።»

«ምነው ታዲያ ሳልደክም ብትመጣ። ተዝካርህን በሬ ጥዬ እኮ ነው ያወጣሁ። በል ግባ።»

ገቡ። የቡሬው ታከለ የሊቀመንበሩን ወንበር ያዙ፤ የፈረስ ቤቱ ታከለ አልጋው ላይ ወጡና ጋቢያቸውን አመቻቹ። አቶ ጌታሁን ከጓዳ ብቅ ሲሉ ክው አሉ።

«ልጄ ጌታሁን፣ እንዴት ሰነበትህ» አሉ የቡሬው። «ሞተ ብለህ ቤቴን በስምህ ማዞርህን ሰማሁ። አልተቀየምሁህም፤ ወረቀቱን ብቻ መልስልኝ።»

«ምን ዓይነት ድፍረት ነው? አባቴ ሞተዋል!»

«ሞት ዝርዝር ጉዳይ ነው ተብሎ ተይዟል» አልሁ እኔ። ቃለ ጉባኤው እጄ ላይ ስለነበር ነው። አቶ ጌታሁን ግን አተያየታቸው ደስ አላለኝም።

እማሆይ በሩ ላይ ቆሙ። «አንተ ጌታሁን፣ እኔ ባሌ ሞቷል ብዬ ነው ቆብ የጫንሁ። በሕይወት ካለ ያለ ፈቃዱ መመንኮሴ ነውር ነው፤ ቆቤን ላውርድና ራት ልሥራለት። ችግሩ ሁለት ሆኖ መጣ። ለየትኛው እንደማነጥፍ ጥናትህ ይንገረኝ።»

እጃቸው ወደ ቆባቸው ሄደ።

«ይተዉ እማሆይ» አሉ ሊቀመንበራችን፤ ላብ አጥምቋቸዋል። «እኒህ ባልዎ አይደሉም።»

«ማን ናቸው ታዲያ?»

«ይኼ የቡሬው… ታከለ ጎፈሬ።»

«ያስ?»

«ታከለ ብርዱ።»

«ባሌስ ማን ነበር?»

አቶ ጌታሁን እኔን አዩ፣ መሬቱን አዩ። እማሆይ የቆባቸውን ጫፍ ያዙ።

«ታከለ ጋሪ» አሉ በቀስታ።

«አልሰማሁም።»

«ታከለ ጋሪ! አባቴ ታከለ ጋሪ ነው!»

መንገድ ላይ የነበሩ ባለባጃጆች ሳይቀሩ ዞረው አዩ። እማሆይ ቆባቸውን አስተካከሉ። «ተባረክ» አሉ። «በዚያች ጋሪ ነው ትምህርት ቤት እያደረሰ ሰው ያደረገህ። ባፈርህባት ጊዜ ነው እሱ ዳግመኛ የሞተብኝ።» ይህን ሲሉ ዓይናቸው እንባ ሞላ፤ አቶ ጌታሁንም አጠገባቸው ቁጭ አሉ።

ሠርጉ በጥር ተሠረገ፤ ያወራው አፍ ስለመለሰው ቄስ ሀብተሚካኤልም ተክሊሉን አደረሱ። በኮሚቴያችን ዓመታዊ ሪፖርት ላይ ይህ ድል በሚገባ ሰፍሯል፤ «በሥራ ዘመኑ መጀመሪያ አንድ ብቻ የነበሩትን ታከለ ገነነን በተደረገው ያላሰለሰ ጥረት ወደ ሦስት ማሳደግ ተችሏል» ይላል። ጉባኤው ቆሞ አጨበጨበ።

ዘንድሮ ያምሮት ወንድ ልጅ ወለደች፤ ስሙም ታከለ ተባለ። የቡሬው አያት በእኔ ስም ነው የተጠራ ይላሉ፤ የፈረስ ቤቱ አያት በእኔ ነው ይላሉ። ነገሩ ከርሮ ኮሚቴው ዘንድ ቀረበ። አቶ ጌታሁን በጥልቀት ካሰቡበት በኋላ ለሰላሙ ሲባል ሁለቱ አያቶች አንድ ሰው ናቸው ቢባል ይሻላል ብለዋል።

እማሆይ ይህን ሰምተው እጃቸውን ወደ ቆባቸው ሰድደዋል።