የመካነ ሰላሙ የሰማይ አበጋዝ

ሰማዩ በስሙ የተመራለት የሚመስለው ሰው የሌለበት ከተማ የለም። የእኛው ዲሽ ሠሪው ሙጀሂድ ነበር፤ ክቡር የሰማይ አበጋዝ በሉት። ሥዕሉ ሲንጫጫ "ቴሌቪዥናችሁ ነው" ይላል፤ ሲጠራ "እኔ ነኝ!"

ቆርቆሮ ላይ ወጥቶ ቁልቁል ያስተምረኛል።

"ጋሽ ካሳ፣ ከሳተላይት የሚመጣው ፍሪኩዌንሲ ለሽቦ በጣም ከፍ ያለ ነው፤ መንገድ ላይ ያልቃል። ይቺ ሳህኑ ፊት ያለችው ጭንቅላት ቀንሳ ታወርደዋለች። ስንት እንደተቀነሰ ለሪሲቨሩ ካልነገርኸው ግን አንድም ጣቢያ አያገኝ።"

"ይህንማ በበቅሎ አውቀዋለሁ" እለዋለሁ። ዳገት ላይ ጭነት ይቀነሳል። ማሻ ድረስ ስነዳ አንዲት በቅሎ ወድቃብኝ አታውቅም፤ የሚክድ ይምጣ! ነገሬ ግን የበቅሎ አይደለም።

በኢሕአዴግ ጊዜ ነው። የጎረቤቴ የእትዬ ኡምኩልሱም ልጅ ሩፋይዳ ዓረብ አገር ሄዳ ስልኳ ከተዘጋ ሃያ ቀን ሆነ። አንድ የዓረብ ጣቢያ እዚያ ያሉትን ሐበሾች ወሬ ያሳያል ቢባል፣ እናቷ ሙጀሂድን አስጠሩ። እኔም ቢያቅተው ልስቅበት ተከተልሁ።

"አብሽሩ እትዬ! እንኳን ጣቢያ፣ ጨረቃን አወርድልዎታለሁ።"

እሳቸው ለዐስር ሶላት ውዱእ ሊያደርጉ ወጣ እንዳሉ ጣቢያው መጣ። የሩፋይዳ የፓስፖርት ፎቶ፤ ከሥሩ ዓረብኛ። እኔ ፊደል አልቆጠርሁም፤ ቁርአን ቤት ያደገው ሙጀሂድ አነበበው። ፊቱ ዐመድ መሰለ።

"ምን ይላል?"

"ሞታለች።"

ወዲያው ሪሲቨሩ ላይ ያችን ስንት እንደተቀነሰ የምትናገረውን ቁጥር አዛባት። ሥዕሉ ድርግም አለ።

"መርዶ በሣጥን አይነገርም ጋሽ ካሳ። ሽማግሌ አለ፣ ንጋት አለ።"

እትዬ ተመለሱ። "አገኘኸው ልጄ?"

"እምቢ አለኝ እትዬ።"

ደጅ የቆመው ጎረቤት ሁሉ "ዛሬስ ሰማዩ ከዳህ!" ብሎ ተሳለቀበት። አንገቱን ደፍቶ ሽቦውን ጠቀለለ። እኔ ሳቄ ጠፋኝ።

በማግስቱ ጎሕ ሲቀድ ሼሁን አስቀድመን ገባን፤ ፎቶዋ በዓረቡ ጣቢያ መታየቱን ከሌላ የሰማን አስመስለን በወጉ አረዳናቸው። እትዬ አልቅሰው አልቅሰው፣ በር ሥር የተቀመጠውን ሙጀሂድን አዩት።

"ትናንት ብታመጣልኝ ፊቷን አየው ነበር! ሙያህ ይሄ ነው?"

"ይሄው ነው እትዬ። ይማሩኝ።"

እሳቸው እስኪያርፉ ሙጀሂድ አልነገራቸውም፤ እኔም ይህን ምላሴን ነክሼ ኖርሁ። ሙጀሂድን እፊቴ የሚያማ ግን ወላሂ ዱላዬን ይቀምሳል።