ለየሻረግ የተለቀሙ ቃላት

እስቲ ሚስቶቻችሁን በስንት ቃል እንደምታሞግሱ ቁጠሩልኝ። በጣት ቁጠሩ፣ ብዙ አይደለም። ጨረቃ አላችሁ። ማር አላችሁ። ጽጌረዳ አላችሁ፤ ጽጌረዳ በደጃችሁ የበቀለ ይመስል! ከዚያስ? ከዚያማ «ልቤ»፣ «ሕይወቴ» ብላችሁ ጉሮሯችሁን ትጠርጋላችሁ። እኔም እንደዚያው ነበርኩ። ልወቅሳችሁ አይደለም፣ የደረሰብኝን ላጫውታችሁ ነው።

ሥራዬ ማመልከቻ መጻፍ ነው። ደሴ ውስጥ፣ ከአንድ መሥሪያ ቤት በር ፊት ለፊት፣ ጃንጥላ ሥር ጠረጴዛና ወንበር አለኝ። የድንበር ክርክሩም፣ የውርሱም፣ የውሃ ቆጣሪውም በእኔ እጅ ያልፋል። ታዲያ ሰው ብዕር የያዘ ሲያይ ሁሉን የሚችል ይመስለዋል። «ጋሼ፣ ልጄን ልድር ነው፣ እስቲ አራት መስመር ግጥም» ይለኛል። እኔ ደግሞ ግጥም ስወድ ለጉድ ነው፣ እምቢ አልልም። ሆጤ ሠፈር ውስጥ በእኔ ግጥም ያልተዳረ ካለ እጁን ያውጣ።

ችግሩ ምን መሰላችሁ? ቃል አለቀብኝ። አንድ ሰው ስንት ሙሽራ ጨረቃ ያደርጋል? አንድ ቅዳሜ ሦስት ሙሽሮች ጨረቃ አድርጌ፣ ሦስቱ አጀቦች አንድ መንገድ ላይ ተገጣጠሙ። እኔ ከነበርኩበት ድግስ ቤት በጓዳ በር ሾልኬ ጠፋሁ።

እንዲህ ባለ ጊዜ ነው እንግዲህ የጎረቤታችን ልጅ የመጣብኝ። ሠርጉ ነገ ነው፣ ግጥሙን ዛሬ ይፈልጋል። ተቀመጥኩ፣ ተነሣሁ፣ ምንም የለም። በመጨረሻ ሳጥን ከፈትኩና፣ ዛሬ ድረስ ሳስበው ፊቴ ይቀላል፣ የዛሬ ሃያ ስድስት ዓመት ለሚስቴ ለየሻረግ የጻፍኩላትን ግጥም አወጣሁ። ስሟን ፈቀቅ አድርጌ የሙሽሪትን ስም አስገባሁ። በቃ። ማን ያውቃል አልኩ።

የሻረግ ታውቃለቻ!

ድንኳኑ ውስጥ ከጎኔ ተቀምጣለች፣ ሳህኗ ጭኗ ላይ ነው። ሙሽራው ስልኩን አወጣና ማንበብ ጀመረ። ሁለተኛው መስመር ላይ እጇ ቆመ። አራተኛው ላይ ዞር ብላ አየችኝ። እኔ ቀና ብዬ የድንኳኑን እንጨት መቁጠር ያዝኩ። ስድስተኛው ላይ ምን ቢመጣ ጥሩ ነው? «ከኩታበር የወረድሽ»! የኩታበር ልጅ የሻረግ ናት። ሙሽሪትማ ደሴ ተወልዳ ደሴ ያደገች፣ ኩታበርን በሚኒባስ ረዳት ጩኸት ብቻ የምታውቅ ልጅ ናት። ስሙን ስለውጥ አገሩን ረስቼዋለሁ! ሙሽሪት ደንግጣ እናቷን አየች፣ እናትየው አባትየውን አዩ፣ የሻረግ ደግሞ እኔን።

ሳህኑን ቀስ ብላ መሬት ላይ አኖረችው። ብትወረውረው ይሻለኝ ነበር። ቤት ስንገባ አንድ ነገር ብቻ አለችኝ። «ያንን ግጥም ስታነብልኝ እጅህ ይንቀጠቀጥ ነበር። ዛሬ እንደ ድንኳን ወንበር ለሰው አዋስከው።» በማግሥቱ ሻንጣዋን ይዛ ኮምቦልቻ ወንድሟ ቤት ወረደች።

እደውላለሁ፣ አታነሣም። ወንድሟ ያነሣና «ደኅና ናት፣ የኮምቦልቻ ሙቀት ተስማምቷታል» ይለኛል። ደብዳቤ ጻፍኩ። ለካ የለመደ እጅ አይለቅም፣ አንደኛው መስመር ላይ «ጉዳዩ፦ ወደ ቤትሽ እንድትመለሺ ስለመጠየቅ» ብዬ አርፌዋለሁ! ከታች ደግሞ «ከላይ በተጠቀሰው ምክንያት» አለበት። በሦስተኛው ቀን ደብዳቤው በሾፌር እጅ ተመልሶ መጣ። ጥጉ ላይ በእጇ ጽፋበታለች፦ «ማኅተም የለውም።»

ሳቅኩ፣ ከዚያ አለቀስኩ። ቤቱ ለእኔ ሰፋብኝ። ማታ ማታ ሬድዮኑን ለሁለት ሰው በሚሰማ ድምፅ እከፍተዋለሁ። ናፈቀችኝ፣ ምን እደብቃችኋለሁ።

እልኽ ያዘኝ። ከዚያ ከአሮጌው ግጥም አንዲት ቃል የማትደገምበት አዲስ ግጥም ሳልጽፍ ኮምቦልቻ አልወርድም ብዬ ማልኩ። ባለ መቶ ቅጠል ደብተር ገዛሁ። የመጀመሪያው ገጽ ላይ የተከለከሉትን ጻፍኩ። ጨረቃ፣ ማር፣ ወተት፣ ልብ፣ ፍቅር፣ ሁሉም ታገዱ። ኩታበርም ታገደች፣ እሷ ናት ያስያዘችኝ። ገጹ ሲሞላ አየሁትና ደነገጥኩ። ለካ የማውቀው ሁሉ እዚያች ገጽ ላይ አልቋል!

መጀመሪያ ጎረቤቴ ሐጂ ሰይድ ዘንድ ሄድኩ። ገበያ ውስጥ ጨርቅ ይሸጣሉ። ነገሩን ስነግራቸው ሜትሩን አንገታቸው ላይ እንዳንጠለጠሉ ሳቁብኝ። «ወላሂ፣ አንተ ሰውዬ ሚስትህን በመዝገበ ቃላት ልታስመጣት ነው?» አሉ። አዎ አልኳቸው። ሲያዩኝ የምሬን ነው። ሳቃቸውን ተዉና «ፍቅር፣ ፍቅር እያላችሁ እኮ አደከማችኋት። ሙሐባ በል። ቀስ ብለህ በላት እስቲ» አሉኝ። አልኳት። እውነትም አፍ ውስጥ ትጥማለች። የደብተሬ የመጀመሪያ ቃል ሆነች። «አብሽር፣ ይሞላልሃል» ብለው ሸኙኝ።

አንዲት ቃል ይዞ ማን ይቀመጣል? ከዚያ ወዲያ ከሥራ በፊት በማለዳ የቦሩ ሜዳን ሚኒባስ መሳፈር ጀመርኩ። ለምን አትሉኝም? ሚኒባሱ ውስጥ ሰው ሁሉ ዕቃ ይዟል፣ ዕቃ ሁሉ ደግሞ ስም አለው። የመጀመሪያው ቀን አጠገቤ የእርሻ ዕቃ የታቀፈ ገበሬ ተቀመጠ። ይሄ የቆዳ ጠፍሩ ምን ይባላል አልኩት። ምራን አለኝ። ይሄ የብረት ቀለበቱስ? ወገል። ጻፍኩ። ይሄን ጊዜ ፊቱ ተለወጠ።

«ምን ልትመዘግብ ነው? ከግብር ነህ?»

«ኧረ አይደለሁም።»

«ታዲያ ከምን ነህ?»

«ከግጥም ነኝ» አልኩት።

ከግጥም የሚባል መሥሪያ ቤት ተከፈተ እንዴ ብሎ ለረዳቱ ጮኸ። ሚኒባሱ በሳቅ ተናጋ። ግድ የለኝም፣ ፊት ለፊት ነገርኳቸው። ሚስቴ ተቀይማ ኮምቦልቻ ወርዳለች፣ ቃል እየለቀምኩ ነው አልኩ። እናንተዬ፣ የወሎ ሰው እንዲህ ያለ ነገር ይወዳል! ከዚያች ደቂቃ ጀምሮ ወራጅ አለ የሚል ጠፋ። የስፌት ሣር የያዘች ሴት ነዶዋን ፈትታ፣ ያ በቀይና በሐምራዊ የተነከረው ሣር አለላ እንደሚባል አሳየችኝ። አንዱ ይህን ጻፍ ይላል፣ ሌላው እሱ አይረባም፣ ይኼኛውን ይላል። ለሐኪም ቤት ቀጠሮ የሚሄዱ አንዲት እናት ደግሞ ከኋላ ወንበር እጄን ነካ አደረጉኝ። «ልጄ፣ ሰው በደጅ እልፍ ሲል በዓይንህ ጠርዝ ብቻ የምታያት አለች አይደል? ውልብታ ናት። እሷን ጻፍልኝ» አሉኝ። እኔ ደግሞ የሻረግ ከሄደች ወዲህ ቤቴ ውስጥ የማየው ሌላ ምን ነበር? በጓዳው በር በኩል ውልብ ትልብኛለች፣ ዞር ስል የለችም። ቃሏን ስጽፍ ብዕሬ ቆመ።

ሁለት ሳምንት እንዲህ ተመላለስኩ። ደንበኞቼ ሲያጉረመርሙ ነገ ኑ እላቸዋለሁ። ግን አሁንም አልሞላልኝም። ቀረኝ የምለው አንድ ቦታ ነበር፣ እሱን ደግሞ እፈራዋለሁ። ኩታበር፣ አማቴ ቤት!

እማማ ልጃቸው እንደተቀየመችኝ አያውቁም ብዬ ነው የሄድኩት። አንድ ኪሎ ስኳር ይዤ ገባሁ። የሻረግስ አሉኝ። ደኅና ናት አልኩ። ውሸት አይደለም፣ የኮምቦልቻ ሙቀት ተስማምቷታል። ከዚያ እንደ ዋዛ አድርጌ፣ እማማ፣ ይሄ እዚህ አገር ጧት ጧት የሚወርደው ምን ምን ይባላል አልኳቸው። ደጃፉ ላይ ተቀምጠው ዘረዘሩልኝ። ሣር ላይ ያደረችው ጤዛ። ካፊያ፣ ልብስ ሳታበሰብስ የምታረጥበዋ። ሊነጋ ሲል ከተራራው ጀርባ የሚፈካው ወጋገን። ይህን ሁሉ እኔም ድሮ ሰምቼዋለሁ እኮ! ማመልከቻ ላይ ስለማይገባ ጠፍቶኝ ነው። ውርስ ክርክር ውስጥ ጤዛ ምን ያደርጋል?

ጽፌ ጽፌ ደብተሬን ስዘጋ እማማ ትክ ብለው አዩኝ። «አንተ፣ ምን አጥፍተህ ነው?» አሉኝ። ከዚያ በኋላ መደበቅ የለም፣ ሁሉንም ዘከዘክኩት። ሰሙኝና ነጠላቸውን አስተካከሉ። «እኔ ምንም አልሰማሁም። ወጋገኑን ግን በደንብ አድርገህ ጻፈው» አሉኝ።

ግጥሙ አንድ ሳምንት ፈጀ። ስሰርዝ፣ ስደግም፣ ጮክ ብዬ ሳነብ የሠፈር ሰው አበደ አለ። ይበል። ሲያልቅ ሐጂ ሰይድንና የነፍስ አባቴን ለሽምግልና ለመንኩና እሑድ ጧት ወደ ኮምቦልቻ ተነሣን። የሐረጎን ጠመዝማዛ ስንወርድ ሐጂ ጆሮዬ ሥር መጡ። ሌሊቱን አስበውበታል። «ስማኝ። ያንን ወረቀት ኪስህ ውስጥ ተወው። ሴት ልጅ እንዲህ አትለመንም። ጥፋቴ ነው፣ ይቅር በይኝ በል፣ በቃ። አጭር ነገር ይሻላል» አሉ። የነፍስ አባቴም ራሳቸውን ነቀነቁ። ሁለት ሽማግሌ አንድ ቃል ሲናገሩ ምን ትላላችሁ? እሺ አልኩ።

ደረስን። እንደ ወጉ ሽማግሌዎቹ አልተቀመጡም። ወንድሟ ኧረ ዐረፍ በሉ ቢል፣ ሐጂ ጉዳያችን ሳይሰማ አንቀመጥም አሉ። የሻረግ ግድግዳውን ተደግፋ ቆማለች። ፊቷን ሳየው ያጠናሁት ሁሉ ጠፋብኝ። ሐጂ በክርናቸው ጎሸሙኝ።

«የሻረግ፣ ጥፋቴ ነው። ይቅር በይኝ» አልኩ።

ሽማግሌዎቹ ደስ አላቸው። እሷ ግን «ጨረስክ?» አለችኝ።

«አዎ።»

«ሁለት ሳምንት ሙሉ በቦሩ ሜዳ ሚኒባስ ስም ስትለቅም የከረምከው ለማን ነው? እናቴ ዘንድ ሄደህ ጤዛና ካፊያ የጠየቅኸው ለማን ነው? ለሌላ ሙሽራ?»

ለካ እማማ ያኔውኑ ደውለውላታል! ኧረ ለአንቺ ነው አልኩ። «ታዲያ ይቅርታውን ማንም ይለዋል። የለፋህበትን አንብብ» አለች። ሐጂን አየኋቸው፣ ጣሪያ ጣሪያውን ያያሉ። ወረቀቱን አወጣሁ። እጄ ይንቀጠቀጥ ጀመር። ረጅም ነው፣ እኔ የማስታውሰውን ብቻ ልበላችሁ።

በወጋገን ሰዓት ጤዛ ያረፈባት፣
አለላ ስፌት ናት ቀለም ያማረባት።
ሄደችና ቀረች በጉም ተሸፍና፣
ውልብታዋ አለ በደጄ እንደ ፋና።

ጨረስኩ። የሻረግ መጣችና ወረቀቱን ከእጄ ወሰደች።

«ቅጂ አለው?»

«የለውም።»

«ስልክህ ላይስ?»

«በነፍስ አባቴ ፊት፣ የለም።»

እንደገና አነበበችው። ቅንድቧን ሰበሰበች። «ኩታበርን የት አደረግሃት?» አለች። ጉድ ያፈላችው እሷ ስለሆነች አውጥቻታለሁ አልኩ። «ኩታበርማ የእኔ ናት። መልሰህ አግባት። እዚህ ጋ ደግሞ ሄደችና ቀረች የሚለው ምንድን ነው? ማን ቀረ? ሰርዘው።»

እኔ እንደ ማመልከቻ ስሕተት ቆጥሬው ጉልበቴ ላይ ወረቀቱን ዘርግቼ ማረም ጀመርኩ። «ከኩታበር ወርዳ በጉም ተሸፍና»፣ ቤቱ ይመታል፣ አይመታም እያልኩ በጣቴ እቆጥራለሁ። ሐጂ ሰይድ ግን ከእኔ በፊት ገባቸው። ማንም ሳይጋብዛቸው «አልሐምዱሊላህ» ብለው ዱብ ብለው ተቀመጡ።

ደብተሩንም ወሰደችብኝ። ከዛሬ ወዲያ ለሠርግ የሚሆነውን መርጬ የምሰጥህ እኔ ነኝ አለች። እሺ አልኩ፤ ያን ዕለት እሺ የማልለው ነገር አልነበረም።

ወደ ደሴ ስንመለስ እሷ ከሾፌሩ ኋላ፣ ደብተሩ ጭኗ ላይ። እኛ ከበስተኋላ። ሐረጎን አጋምሰን ሐጂ እንደገና ጆሮዬ ሥር መጡ። እንደ ጧቱ አይደሉም፣ ድምፃቸው ለስልሷል። «እ... ያቺ ውልብታ ያልካት ጥሩ ናት። ወጋገኗም አትከፋ። በእኛም ቤት እኮ ሰው አለ። እስቲ ከሚተርፍህ አንድ ሁለት ስጠኝ» አሉ።

የሻረግ ዞር እንኳ አላለችም።

«ሐጂ፣ የቦሩ ሜዳ ሚኒባስ ጧት በአሥራ ሁለት ሰዓት ይነሣል። እርስዎም ደብተርዎን ይዘው ይሳፈሩ።»