የደረጃው ግድግዳ እኔን ያቆመበት ሌሊት

ትናንት ሌሊት ሕልም አየሁ፤ ሕልም ከተባለ።

በፊት ግን ምን አንጀቴን እንዳሳረረው ልናገር፣ አለዚያ ያበድኩ ይመስላችኋል። ደሴ ውስጥ የምንኖርበት ቤት አያቴ ያሠራው የጭቃ ፎቅ ነው። እናቴ ወይዘሮ የሺመቤት ላይ ቤት ነች፤ እኔና ባለቤቴ ንግሥት ታች። እናቴ የእንጨቱን ደረጃ የምትወርደው በቀኝ እጇ ግድግዳውን እየተደገፈች ነው። ክረምት ላይ የግድግዳው ልስን ከእጇ ሥር ተገሽልጦ ወረደና ለጥቂት ተረፈች። ከዚያ ወዲህ ግድግዳው ካልተመረገ አልወርድም ብላ እላይ ቀረች። ተሸክሜ ላውርድሽ ብላት፣ "ሰው ተሸክሞ የሚያወርደኝ ስሞት ነው" አለችኝ።

ታዲያ ስንት ዓመት ልጅ አጥተን ስንኖር ለማርያም የተሳለችው እሷ ነች። "ወንድ ይሁን ሴት፣ የክርስትናው ቀን በገዛ እጄ ታቅፌ ቤተ ክርስቲያን አደርሰዋለሁ" ብላ። ወንድ ተወለደ፤ አርባ ቀኑ ነገ ነው። አርባ ቀን ደግሞ እንደ ስብሰባ አይተላለፍም! ጭቃው ከነጭዱ ግቢ ውስጥ ቦክቶ ለሳኙን አሰግድን ይጠብቃል፤ አሰግድ ግን ወር ሙሉ "መንገድ ላይ ነኝ" ነው። ስቆጣው "ቀስ በቀስ እንቁላል በእግሩ ይሄዳል፣ ጋሼ" ይለኛል። የእሱን እንቁላል ገና ዶሮዋም አልጣለችውም። እየተራገምኩ ተኛሁ።

በሕልሜ ስልኬ አላስቀምጥ አለኝ። ባነሳው አሰግድ ነው።

"ጋሼ፣ በማርያም ይዤዎታለሁ፣ ልምጣና ልለስን!"

"መንገድ ላይ ነኝ" አልኩና ጆሮው ላይ ዘጋሁበት። በሩን ስከፍት የከተማው ለሳኝ በሙሉ እስከ ፒያሳ ተሰልፏል። ባልዲ የያዘው ወንፊት ከያዘው ጋር ይጋፋል። አንዱ ለጉቦ አውራ ዶሮ ታቅፏል።

"አትጋፋ! እኔ ከትናንት ጀምሮ ነው የቆምኩት!"

"ጋሼ፣ ትንሽ ቀዳዳ እንኳ ቢያስደፍኑኝ ምን አለበት?"

ልቤ ቅቤ ጠጣ። በሉ ግቡ ብዬ ልመራቸው ብል እግሬ አልነቀል አለ። ለካ ደረጃው ጎን፣ ግድግዳው በነበረበት ቦታ ተገትሬያለሁ። ግድግዳው ደግሞ የእኔን ጋቢ ተከናንቦ አልጋዬ ላይ ተጋድሟል።

"አንተ! እዚያ ምን ትሠራለህ?" አልኩት።

"ከአያትህ ጀምሮ ቆሜያለሁ፤ እስቲ ትንሽ አንተ ቁም።"

"እናቴ እኮ ልትወርድ ነው!"

"ታዲያ አንተን ትደገፋ። ልጇ አይደለህ?"

ወዲያው ትከሻዬ ፍርክስክስ ሲል ተሰማኝ። ለሳኞቹ ገብተው ከበቡኝና ሆዴን በጣታቸው ያንኳኩ ጀመር።

"ባዶ ነው፤ ሲሚንቶ እንምታው!"

"ጄሶ ይሻለዋል!"

"ኧረ በሕግ አምላክ! እኔ የጭቃ ሰው ነኝ!" ብዬ ጮህኩ። "ጭቃ ላይ ሲሚንቶ አይዝም! አምና ያስመታሁት ነው ዘንድሮ የወረደው!" ማን ሰምቶኝ። ተቆጣጣሪው ይምጣ አሉ።

ተቆጣጣሪው አህያ ነበር። ክራባት አስሯል፤ ከፊቱ አሸዋ የተጫኑ ሁለት ሰዎች ያለከልካሉ። "መጭ!" ይላቸዋል። ከጭዳችን አንድ አፍ ጎረሰና ዓይኑን ጨፍኖ አላመጠ።

"የዘንድሮ ነው?"

"የዘንድሮ ነው፣ ጌታዬ።"

"ለግድግዳ አይሆንም" አለና ክምሩን ጥርግ አድርጎ በላው።

"ኧረ የልጄ ክርስትና ነገ ነው! እናቴ ስለት አለባት!"

"አመልክት።"

"ለማን?"

"ለጭዱ" አለኝና አገሳ። የባሰ አታምጣ እያልኩ ሳለ ከላይ የከዘራ ኳኳታ ሰማሁ። ቀና ስል የአርባ ቀኑ ልጄ ፂም አውጥቶ፣ እናቴን በነጠላ ጠቅልሎ ታቅፏት ይወርዳል። እናቴ አውራ ጣቷን ትጠባለች።

"አባባ፣ ትከሻህን አምጣው፤ ልደገፍህ" አለኝ።

"ተው ልጄ፣ ተመለስ! እየፈረስኩ ነው!"

"ቄሱ አይጠብቁኝም" ብሎ እጁን ጣለብኝ። ትከሻዬ ከነልስኑ ዱብ አለ። እናቴ ከእቅፉ ስትንሸራተት አየኋት። ልቀልባት እጄን ብፈልግ፣ ግድግዳ ምን እጅ አለው! ዷ! ዷ! የሚል ድምፅ ሰማሁና ባነንኩ።

ረፍዷል። ላብ አጥምቆኛል።

"ንግሥት፣ ማነው የሚደበድበው?"

"አሰግድ ነዋ። ጎህ ሲቀድ መጣ፤ በሩን ከፈትኩለት" አለችኝ ልጁን እያጠባች።

በባዶ እግሬ ዘልዬ ወጣሁ። እውነትም ግድግዳው ከላይ እስከ ታች በጭቃና በጭድ ተመርጎ፣ ለስልሶ፣ አምሮ ቆሟል። ያን ሁሉ እርግማን እግዜር ይቅር ይበለኝ፤ አሰግድን ልስመው ምንም አልቀረኝ።

"እንዴት ነው ሥራ፣ ጋሼ?"

"እጅህ ይባረክ!" አልኩና ለእናቴ ላበስር ወደ ደረጃው እግሬን አነሳሁ። እግሬ የሚረግጠው አጣ። ደረጃ የለም! ሳንቃው በሙሉ ተነቃቅሎ አጥሩ ሥር ተከምሯል።

"ደረጃውስ?"

"እጄን አላላውስ ሲለኝ ነቅዬ አወጣሁት። አሁን ብመልሰው እርጥቡን ልስን ይቦጭቀዋል።"

"መቼ ነው የሚደርቀው?"

ወደ ጭጋጉ ቀና ብሎ አየና "ፀሐይ ከወጣ በሳምንቱ" አለኝ።

"ክርስትናው ነገ ነው እኮ፣ አንተ ሰው!"

"እንኳን ማርያም ማረቻቸው፣ ጋሼ።"

ልጮህ አፌን ስከፍት ከላይ ሳል ሰማሁ። እናቴ የክት ቀሚሷን ለመለካት ለብሳ፣ ደረጃው በነበረበት አፋፍ ቆማ አዲሱን ግድግዳ በጣቷ ጫፍ ትዳስሳለች።

"አበጀህ ልጄ" አለችኝ፤ "ለእጄስ መደገፊያ ሠራህልኝ። እግሬን ምን ላይ ላሳርፈው?"