ሰላምታ የበላው እግሬ

ትናንት ከምሳ በኋላ ጋደም እንዳልኩ እንቅልፍ ሸለብ አደረገኝ፤ ሕልሜም የጀመረው በእትዬ ደብሪቱ አፍ ነው።

እትዬ ደብሪቱ ከግቢያችን በር አጠገብ ሱቅ ያላቸው ጎረቤታችን ናቸው። በእውኑ ዓለም ሳምንቱን ሙሉ «ሱዳኖቹ ሊፈተሹ ነው አሉ» ሲሉ ነው የሰነበቱት። ሳሙና ብትገዢ «ሊፈተሹ ነው አሉ»፤ መልስ ስትቀበይ «ሊፈተሹ ነው አሉ»። ማን አለ ሲባሉ «አሉ ነዋ!» ብለው ይቆጣሉ። በሕልሜ ግን ወሬው ተገልብጦ ጠበቀኝ። እትዬ ደብሪቱ እንደ ደወል ከግቢው በር ጉበን ላይ ተንጠልጥለው ነበር። ነፋስ በነካቸው ቁጥር ይጮኻሉ።

«ሐበሾቹ ሊፈተሹ ነው አሉ! ሐበሾቹ ሊፈተሹ ነው አሉ!»

«ሐበሾቹ እነማን ናቸው?» አልኳቸው።

«አንቺ ነሻ!» አሉኝ እየተወዛወዙ።

«እርስዎስ?»

«እኔማ ደወል ነኝ።»

ለነገሩ እትዬ ደብሪቱ በእውኑም ሁልጊዜ መውጫ አላቸው። ትቻቸው ውኃ ልቀዳ ሄድኩ። ቧንቧው አንገቱን ቀና አድርጎ ከእግሬ እስከ ራሴ አየኝ።

«መታወቂያ።»

«ለውኃ?»

«ከየት ነው የመጣሽው?»

«እዚሁ ግቢ ነው የተወለድኩት።»

«ሁሉም እንደዚያ ነው የሚለው» አለኝና ትንሽ አንጠባጠበልኝ። ጆግ ስደቅን ደግሞ ሐሳቡን ቀየረና የሰጠኝን መልሶ ዋጠው።

ጆጌን ይዤ ወደ መንገድ ወጣሁ። መንገዱ ላይ ፖሊሶች መታወቂያቸውን አንገታቸው ላይ አንጠልጥለው፣ ግድግዳ ግድግዳውን ታከው፣ አንገታቸውን ደፍተው ይሄዱ ነበር። የጉሊት ድንች ሻጮች እያስቆሙ «ወዴት ነው? ከማን ጋር ነው የምትኖረው? አከራይህ ያውቃል?» ይሏቸዋል። ኬላው ላይ የቆሙት ዶሮዎች ናቸው። አንዷ ዶሮ የአንድ ሰውዬ ቦርሳ ውስጥ እንቁላል አግኝታ «ይሄ የማን ልጅ ነው?» እያለች ታፋጥጠዋለች። እኔ ወደ ሌላ እያየሁ አለፍኩ። በዚያ አገር ሰው ሰውን ቀጥ ብሎ አያይም፤ ሁሉም የሚያየው በቆረጣ ነው።

ከኬላው ወዲያ ረጅም ወረፋ ነበር፤ ጫፉ ላይ ኢንቲሳር ተቀምጣለች።

ኢንቲሳርንና ወንድሟን ባቢከርን እናቴ ናት የኋላውን ክፍል ያከራየቻቸው። ጦርነት ከኦምዱርማን አባሯቸው መጡ። ኢንቲሳር መንገድ ዳር ሻይ ትሸጣለች። ባቢከር ግን ከክፍሉ ብዙም አይወጣም፤ የመኖሪያ ፈቃዱ ጊዜው አልፎበታል፣ የማደሻ ቀጠሮው ገና ነው፣ በመካከሉ ከተያዘ ወዴት እንደሚወስዱት አይታወቅም። በሕልሜ ደግሞ ፈቃድ ሰጪዋ ኢንቲሳር ሆናለች። ከሻይ ማንቆርቆሪያዎቿ ኋላ ተቀምጣ፣ የብርጭቆ ቂጥ ሻይ ውስጥ ነክራ፣ የአገሬን ሰው ሁሉ ግንባሩ ላይ ማኅተም ትመታለች። ተራዬ ደረሰ። ግንባሬን በጣቷ አሸት አሸት አደረገችው።

«ያንቺ አልፎበታል፣ ሜላት።»

«መቼ?»

«ስትወለጂ።»

«ታዲያ አድሽልኛ! ጎረቤትሽ አይደለሁ?»

«ወላሂ እንደ እህቴ ነሽ» አለችኝ። «ግን ቀጠሮ አለው። ማንጎ ከገበያ ሲጠፋ ነይ።»

ልናገራት የነበረው ብዙ ነው፤ እኔ ምላሴን የምቆጥብ ሰው አይደለሁም። ነገር ግን አፌን ስከፍት ወረፋው ሁሉ ባንዴ ተበተነ። አንድ ፖሊስ ይመጣ ነበር። ኮፍያውን እግሩ ላይ አጥልቋል፣ ጫማውን ራሱ ላይ ደፍቷል። እንደ ሌሎቹ ግድግዳ አይታከክም። ፈገግ ብሎ በመንገዱ መሐል ይመጣል። ያ ፈገግታ ነው ያስፈራኝ።

ባቢከር ከየት እንደመጣ አላየሁትም፤ እጄን ያዘኝ። «ያ ኡኽቲ፣ ነይ» አለኝ፤ «እህቴ» ማለቱ ነው። እየጎተተ ወደ ግቢያችን፣ ወደ ኋላው ክፍል አስገባኝና አልጋው ሥር ደበቀኝ። ከዚያ ወጥቶ በሩ ላይ ቆመ። በበሩ ስንጥቅ ጀርባውን አየዋለሁ።

እውነቱን ለመናገር ጠረጠርኩት። ለምን ደበቀኝ? ምን አስቦ ነው? በዚህ ዘመን ማን ሰውን በነፃ ይደብቃል? ከአሮጌ መጽሐፍ ሻጭ በገዛሁት ሕገ መንግሥት ላይ በእርሳስ እያሰመርኩ፣ ባቢከርን ቃል በቃል ያስጠናሁት እኔ ነኝ። ፖሊስ ከመጣ፣ «ማን ነዎት?» በል። «ለምን ፈለጉን?» በል። ልግባ ካለ፣ «የፍርድ ቤት ፈቃድ አለዎት?» በል። ሌላውን ሁሉ ዝም በል፤ ዝም ማለት መብትህ ነው። ያስጠናሁት ግን ለራሱ እንዲሆነው ነበር። አሁን አልጋ ሥር ያለሁት እኔ ነኝ፣ በሩ ላይ የቆመው እሱ። ያስተማሩት ነገር ለአስተማሪው ይሠራ እንደሆነ በምን ይታወቃል?

ፖሊሱ ግን ምንም አልጠየቀም። ሰላምታ ነው የጀመረው። በመጀመሪያ በራችን ላይ የተንጠለጠሉትን እትዬ ደብሪቱን።

«እትዬ፣ እንደምን ዋሉ? ደህና ነዎት? ቤቱ ደህና? ሱቁ ደህና? ጎረቤት ደህና?»

«እግዚአብሔር ይመስገን! ጎረቤትማ ደህና ናት!»

ግራ እግሬ ጠፋ። አልተቆረጠም፣ ደም የለውም። መብራት እንደሚጠፋ ጥፍት አለ።

«እትዬ ደብሪቱ! ዝም ይበሉ!» ብዬ በስንጥቁ ጮኽኩ።

«ሰው ሰላም ሲለኝ ዝም ልበል? ምን ያለሽው ጋጠ ወጥ ነሽ!»

«ልጅቷስ ምሳ በልታ ነው የተኛችው?» አለ ፖሊሱ በለሰለሰ ድምፅ።

«ኧረ ምን በልታ! ነካ ነካ አድርጋ ተወችው።»

ቀኝ እግሬ ሄደ።

«አዪ፣ ልጆች! የኋላው ክፍል አይበርዳትም?»

«ብርድ ልብስ አላት፤ እኔው ነኝ በዱቤ የሰጠኋት።»

እስከ ወገቤ ባዶ ሆንኩ። ቀሚሴ ሲሚንቶው ላይ እንደ ባዶ ጆንያ ተኝቷል። እትዬ ደብሪቱ ክፋት የላቸውም፤ ክፉ ቢሆኑ ይሻለኝ ነበር። ክፉ ሰው ቢያንስ ከመናገሩ በፊት ዋጋ ይጠይቃል።

ፖሊሱ ወደ ባቢከር ዞረ።

«ወንድሜ ባቢከር! እንዴት ነህ? ሰላም ነህ? እህትህ ደህና? ሻዩ ደህና? አልጋው ይመችሃል? ከአልጋው ሥርስ ሰላም ነው?»

ባቢከር ዝም አለ። አንገቱ ላይ ላብ ሲወርድ አየሁ። ፖሊሱ ቢቆጣ ኖሮ ምንም አልነበረም፤ ቁጣን ሁሉም ሰው ይችለዋል። ሰላምታን ግን ማን ይችለዋል? ፖሊሱ መሬት ላይ ቁጭ ብሎ ማልቀስ ጀመረ።

«ሰላም እንኳ አይለኝም! የእግዜር ሰላምታ ነሣኝ!»

አላፊ አግዳሚ በጎች ተሰበሰቡ። «ምን ዓይነት አስተዳደግ ነው!» አለች አንዲት ሙክት የምታክል በግ። «አገራችን መጥቶ!» አለች ሌላዋ። «ቀና ብሎ ‹እግዚአብሔር ይመስገን› ቢል ምን ይጎድልበታል?» ምን እንደሚጎድል እኔ ነኝ የማውቀው፤ የቀረኝ ከእምብርቴ በላይ ነው።

«ሊነግረው ነው» አልኩ በልቤ። «አሁን ሊነግረው ነው።»

ባቢከር ጉሮሮውን ጠረገ።

«ማን ነዎት?»

ፖሊሱ ራስ ላይ የነበረው ጫማ ወደቀ። በጎቹ አንድ እርምጃ ወደ ኋላ አሉ።

«ለምን ፈለጉን?»

የፖሊሱ ቀበቶ ተፈታ።

«የፍርድ ቤት ፈቃድ አለዎት?»

ፖሊሱ ኪሱ ውስጥ እጁን ከተተና አንዲት ፍየል ጎትቶ አወጣ። ፍየሏ መነጽር አድርጋለች። ዳኛ ናት አሉ።

«ፈቃዱ እሷ ጋ ነው» አለ።

ባቢከር ጎንበስ ብሎ ፍየሏን አያት። «በልተውት ነው?»

«አልተጻፈም» አለች ፍየሏ በኩራት። «ያልተጻፈ አልበላም።»

አልጋ ሥር ሆኜ ጉልበቴ ሲመለስ ተሰማኝ። ልስቅ ስል የኢንቲሳርን ድምፅ ሰማሁ። ሻይዋን በሰርቪስ ይዛ ገብታለች። ፖሊሱ ዕንባውን ጠርጎ ተነሣና ወደ ጆሮዋ ተጠጋ። ነገር ግን ሹክሹክታው በእትዬ ደብሪቱ ውስጥ አልፎ እንደ ደወል ግቢውን ሞላው።

«ልጅቷ የት እንዳለች ብቻ ንገሪኝ። አንድ ቃል ነው። ለወንድምሽ የማያልፍበት ፈቃድ እሰጠዋለሁ። ቀጠሮ የለ፣ ወረፋ የለ፣ ከክፍል መደበቅ የለ። እንደ ልቡ አደባባይ ይሂድ።»

ኢንቲሳር ዓይኗን ወደ አልጋው ጣል አደረገች። አየችኝ። እኔም አየኋት። ወንድሟን እንዴት እንደምትወደው አውቃለሁ። ማታ ሻይዋን ሸጣ ስትገባ በሩን ከማንኳኳቷ በፊት ስሙን ነው የምትጠራው፤ እንዳይደነግጥ። እሷ ብሆን ምን እንደምል አላውቅም። አሁንም አላውቅም።

«ስኳር ስንት ላድርግልህ?» አለችው።

«ሦስት» አለ ፖሊሱ።

ግራ እጁ ጠፋ።

ደነገጠ። እሷ ግን በእርጋታ ማማሰሏን ቀጠለች።

«ቅርንፉድ ይግባበት?»

«ይግባበት።»

ቀኝ እጁ ጠፋ።

«ኬፈክ? ታማም?» አለችው ደግሞ። የሱዳን ሰላምታ ነው፤ ከኛው ቢረዝም እንጂ አያጥርም። «እናትህ እንዴት ናት? አባትህስ? ሚስትህ? የሚስትህ እናት? ዝናቡ እንዴት ነው? ከብቱስ?»

ፖሊሱ እንዳይመልስ አፉን ሊይዝ ፈለገ፤ እጅ አልነበረውም። ይሉኝታ ያዘው። «ደህና ናቸው፣ እግዚአብሔር ይመስገን፣ ሁሉም ደህና፣ ከብቱም ደህና» እያለ በየመልሱ እየቀነሰ፣ እየቀነሰ ሄደ። በመጨረሻ መሬቱ ላይ ኮፍያው ብቻ ቀረ። ኢንቲሳር ጎንበስ ብላ ኮፍያውን «አንተስ ደህና ነህ?» አለችው። ኮፍያው ሊመልስ አፉን ሲከፍት...

ነቃሁ።

እግሮቼ ሁለቱም ነበሩ። ከሣቄ የተነሣ ጉንጬ አሞኛል። ደጅ ላይ ብርጭቆ ሲታጠብ ሰማሁ። ወጣሁ። እናቴ ቧንቧው ጋ ጎንበስ ብላ ትሪ ታለቀልቃለች። የኋላው ክፍል በር ወለል ብሎ ተከፍቷል፤ ደፉ ላይ የባቢከር አንድ እግር ሸበጥ ተገልብጦ ወድቋል።

«እማዬ፣ ባቢከር የታለ?»

«ወሰዱት እኮ፣ ሜላቴ» አለች። ዓይኗ ቀልቷል። «አንድ ፖሊስ መጥቶ ወሰደው። ቀስ ብሎ ነው የወሰደው፣ አልመታውም። ለኢንቲሳር ምን ብዬ እንደምነግራት ጨንቆኛል።»

«ለምን አልቀሰቀስሽኝም?»

«ልቀሰቅስሽ መጥቼ ነበር። በእንቅልፍሽ ስትስቂ ሳይሽ አሳዘንሽኝ።»

«ባቢከር ምንም አላለም?»

«‹የፍርድ ቤት ፈቃድ አለዎት?› ሲለው ሰማሁት። እኔው ነኝ የተቆጣሁት። ቤቴ ገብቶ የተቀመጠ ሰው እንዲህ ይባላል? ‹ዝም በል፣ ነውር ነው› አልኩት። ዝም አለ።»

«ገብቶ የተቀመጠ? ማን አስገባው?»

«ማን ያስገባዋል? እኔው ነኛ! ልጁ እኮ ከደጅ ቆሞ ሲያመነታ አገኘሁት፤ ፀሐዩ ያቃጥላል። ‹ግባ እንጂ ልጄ፣ ምን ከበር ያስቆምሃል!› አልኩት። ውኃ ሰጠሁት። ጨዋ ልጅ ነው ስልሽ፤ ሲወጣ እንኳ ጎንበስ ብሎ አመስግኖኝ ነው የሄደው።»

«ምን ብሎ አመሰገነሽ?»

እናቴ የታጠበውን ብርጭቆ ገልብጣ ትሪው ላይ አስቀመጠችው።

«‹እማማ፣ እግዜር ይስጥልኝ› አለኝ። ‹ፈቃድ አልያዝኩም ነበር፤ እርስዎ ግባ ባይሉኝ ከበር ልመለስ ነበር።›»