ዓይን የሚያስጠኑት አባት

በስደት አገር አስጠኚ የሌለበት የሐበሻ ሰፈር አይገኝም። ጠበቃ ሊጠፋ ይችላል፣ ቧንቧ ሠራተኛም ሊጠፋ ይችላል፤ አስጠኚ ግን አይጠፋም። ይህ ሰው ዓለምን የሚያያት እንደ አንድ ትልቅ የፈተና አዳራሽ ነው። ለእሱ ሐኪሙም ፈታኝ ነው፣ የባንክ ሠራተኛዋም ፈታኝ ናት፣ የልጁ መምህርትም ፈታኝ ናት። ሳይዘጋጁ ፊታቸው መቅረብ ደግሞ ነውር ነው።

የዚህ ማኅበር የዕድሜ ልክ ሊቀ መንበር ክቡር አቶ ልዑልሰገድ ናቸው። ቀን ቀን አሌክሳንድሪያ ውስጥ የአንድ ሆቴል ፓርኪንግ ኃላፊ ናቸው። ከዚያ ሲወጡ ግን ዋናው ሥራቸው ይጀምራል። ከጀርመንታውን እስከ በልትስቪል መንጃ ፈቃድ ያወጣውን፣ ዜግነት የተቀበለውን ሐበሻ ሁሉ ብትጠይቁ፣ ግማሹ ሲልቨር ስፕሪንግ ባለው ቤታቸው እሳቸው ሶፋ ላይ ተቀምጦ የተማረ ነው። ሳንቲም አይቀበሉም። የሚፈልጉት አንድ ስልክ ብቻ ነው፤ «ጋሽ ልዑልሰገድ፣ አለፍኩ!» የሚል። ይህን ሲሰሙ ደረታቸው ይነፋል። «ድሮስ! በእኛ ቤት መውደቅ የለም!» ይላሉ።

ዘዴያቸው አንድ ነው፤ ሽምደዳ። ጎረቤታቸውን እማማ ንግስትን ለዜግነት ሲያዘጋጇቸው ጥያቄውን ከነመልሱ ወር ሙሉ አስሸመደዷቸው። በቀጠሮው ቀን የኢሚግሬሽኑ ሰውዬ ገና «እንዴት አደሩ?» ከማለቱ እማማ «ሃምሳ ግዛት ስላለ ነው!» ብለው የባንዲራው ኮከቦች ለምን ሃምሳ ሆኑ የሚለውን ጥያቄ መለሱለት። አለፉ። አቶ ልዑልሰገድ ይህንን የሚያወሩት እንደ ቀልድ ሳይሆን እንደ ማስረጃ ነው።

አንድ ጊዜ ደግሞ ሐኪም የስኳር ምርመራ አዘዘላቸው። ቀጠሮው እስኪደርስ ጣፋጭ የተባለ በአፋቸው አልዞረም፤ ጠዋት ማታ የአፓርታማውን ደረጃ ሲወጡ ሲወርዱ ሰነበቱ። ውጤቱ ጥሩ ሆነ። «አለፍኩ!» ብለው ኬክ ገዝተው ገቡ።

ከልጆቻቸው ሌላ በዚህ ዓለም እሳቸውን «አንተ» የምትል ሰው ሚስታቸው ብሩክታይት ብቻ ናት። ኬኩን ቆርሳ በላችና ነገሩን አለፈችው። በዓይን ጉዳይ ግን የምታልፍ አልሆነችም።

ነገሩ እንዲህ ነው። የስምንት ዓመቷ ልጃቸው ዕንቁ ቴሌቪዥን የምታየው አፍንጫዋ ሊነካው እስኪደርስ ተጠግታ ነው። አሌክሳንድሪያ ባለው ቤተ ክርስቲያናቸው አንድ ቀን የማታውቃቸውን ሴትዮ ቀሚስ «ማሚ» ብላ አቅፋለች። ብሩክታይት የምትሠራው ሲልቨር ስፕሪንግ ካለ የአረጋውያን መንከባከቢያ ነው፤ መሥሪያ ቤቱ ደግሞ የኢንሹራንስ ምዝገባ የሚከፍተው በዓመት አንዴ ነው። የዘንድሮው አርብ ይዘጋል። አርብ ካለፈ የሚመጣውን ዓመት መጠበቅ ነው።

«ልዑሌ፣ ዘንድሮ ለልጆቹ ቪዥን፣ የዓይኑን ሽፋን፣ እጨምራለሁ» አለቻቸው።

«ቪዥን ለምን? ባለፈው ወር ትምህርት ቤት ዕንቁን ዓይኗን ቴስት አድርገዋት ሙሉ አመጣች እኮ! ሙሉ! ያለፈ ተማሪ ድጋሚ ይመዘገባል እንዴ?»

ትምህርት ቤቱ ደኅና ናት ካለ ደኅና ናት። ግን ብሩክታይት እናት ናትና ልቧ እሺ አላላትም፤ ያልጠረጠረ ተመነጠረ ብላ ልጇን ትከታተል ጀመር።

እሑድ ደረሰ። ቤተ ክርስቲያኑ ውስጥ የመዝሙሩ ግጥም ፊት ለፊት ስክሪን ላይ ይወጣል፤ አማርኛ ለማያነቡት ልጆች ሲባል በእንግሊዝኛ ፊደልም ይጻፋል። ዕንቁ የለመደቻቸውን መዝሙሮች ድምፅዋን ከፍ አድርጋ ዘመረች። አዲስ መዝሙር ሲመጣ ጸጥ አለች።

«ምነው ዝም አልሽ? አንብቢዋ» አለቻት ብሩክታይት በጆሮዋ።

«ማሚ፣ ብለሪ ነው፣ ፊደሉ ይደበዝዛል። ኦልዌይስ ብለሪ ነው» አለች ዕንቁ። «ለሁሉም ሰው እንደዚህ አይደለም እንዴ?»

ብሩክታይት የቀረውን መዝሙር በጆሮዋ እያነበበችላት ጨረሱ።

ሲመለሱ አቶ ልዑልሰገድ ይነዳሉ። ከኋላ ወንበር ዕንቁ የአምስት ዓመቱን ወንድሟን ነህምያን ወጥራ ይዛዋለች። «ዓይንህን ጨፍን! መጀመሪያ ኢ። ከዚያ ኤፍ፣ ፒ። ከዚያ ቲ፣ ኦ፣ ዚ። አጌን!»

ነህምያ ዓይኑን ጨፍኖ ደገመላት። ብሩክታይት ዞረች። «ምንድን ነው የምታስጠኚው?»

«የዓይን ቴስት ነዋ። ኔክስት የሱ ተራ ነው። ዳዲ እኔን እንደዚህ ነው ያስጠናኝ።»

ነገሩ ወጣ። አቶ ልዑልሰገድ የትምህርት ቤቱ የዓይን ምርመራ መቃረቡን ሲሰሙ፣ ሐኪም ቤት የሚሰቀለውን የፊደል ሰንጠረዥ በእጃቸው ጽፈው ልጅቷን ከላይ እስከ ታች አስሸምድደዋታል።

«ተዘጋጅታ ትግባ ብዬ እኮ ነው» አሉ፣ ድምፃቸው ሰለል ብሎ።

«ፈተናውን ያለፍከው አንተ ነህ» አለች ብሩክታይት። «ልጄ ግን አታይም።»

ሌላ ባል ቢሆን ሳምንት ያኮርፋል፣ ወይም ጥፋቱን ወደ ትምህርት ቤቱ ያዞራል። እሳቸው ግን ሰኞ ጠዋት «አምጪው መጽሐፉን» አሉ፤ የኢንሹራንሱን ማለታቸው ነው። ቁጭት የገባውን አስጠኚ የሚያቆመው ምድራዊ ኃይል የለም። እያንዳንዷን መስመር ሸመደዱ። ኢንሹራንሱ ቤት ኮል አድርገው ስልኩን ያነሳችውን ምስኪን አፋጠጧት። «መነጽሩን ብትሰብረውስ? ወንድሟ ቢቀመጥበትስ? ስትሮጥ ወድቆ ሰው ቢረግጠውስ?» ሴትየዋ መልሳ ሳትጨርስ ሌላ ይጨምራሉ። ሁለት ዓይነት ሽፋን ነበር፤ አንዱ መነጽር የሚሰጠው በሁለት ዓመት አንዴ ነው፣ ሌላው በየዓመቱ። የሁለት ዓመቱ ረከስ ይላል።

«ልጅ በሁለት ዓመት አንዴ ነው እንዴ የምታድገው?» ብለው ተቆጡ፤ ማንን እንደተቆጡ ባይታወቅም። የየዓመቱ ተመረጠ።

አሁን የቀረው ሽፋኑ ለልጆቹ ብቻ ይሁን ወይስ ለቤተሰቡ የሚለው ነበር።

«ለልጆቹ ብቻ! የእኔ ዓይን መንጃ ፈቃድ ሲሰጡኝ የተመሰከረለት ዓይን ነው።»

ብሩክታይት እሺ ልትል ነበር። አንድ ነገር ከነከናት። «ልዑሌ፣ ያንን ሰንጠረዥ ከየት ገልብጠህ ነው የጻፍከው?»

«ምን እገለብጣለሁ? በቃሌ ነዋ!» አሉ ኮራ ብለው። «ለመንጃ ፈቃዱ የዓይን ምርመራ የሸመደድኩት እስካሁን አልጠፋኝም።»

ብሩክታይት አየት አደረገቻቸው። ሐሙስ በምሳ ሰዓቷ መሥሪያ ቤቷ ኮምፒውተር ፊት ተቀምጣ «ቤተሰብ» የሚለውን መርጣ ላከችው።

ሽፋኑ ጃንዋሪ ላይ ጀመረ፤ በዚያው ሰሞን አራቱም የዓይን ሐኪም ዘንድ ሄዱ። ዕንቁ ትልቁ ወንበር ላይ ወጣች። መብራቱ ደብዘዝ አለ፣ ግድግዳው ላይ ፊደሎች በርተው ወጡ። ያጠናቻቸው አይደሉም፤ የላይኛዋ እንኳን ኢ አይደለችም። ልጅቷ ግራ ገብቷት አንገቷን ወደ አባቷ አዞረች። ብሩክታይት ይነግሯታል ብላ ፈርታ ክንዳቸውን ያዘች።

አቶ ልዑልሰገድ አንገታቸውን አሰገጉ፣ ዓይናቸውን ጨፈን ከፈት አደረጉ። ከዚያ ተነሥተው አጠገቧ ሄዱ።

«የእኔ ዓይን፣ ካልታየሽ አይታየኝም በይ።»

«ብወድቅስ?»

«እንውደቃ! እኔም አንዷም አልታየችኝ።»

ዕንቁ ትንፋሿን ለቀቀች። «አይታየኝም» አለች ለሐኪሟ፣ ቀስ ብላ። ሐኪሟ የልጅቷን ስትጨርስ ወንበሩን ለአባትየው አዞረችላቸው።

«እኔ እኮ ኢንሹራንስ የለኝም» አሉ አቶ ልዑልሰገድ ደንግጠው።

«አለህ» አለች ብሩክታይት።

«አልተዘጋጀሁም እኮ!»

«ተቀመጥ።»

ጃኬታቸውን ተቀበለቻቸው። ያን ሁሉ ሰው ያሳለፉት ሰውዬ እንደ አንደኛ ክፍል ተማሪ እጃቸውን ጉልበታቸው ላይ አድርገው ሲቀመጡ ስታይ ጃኬቱን አፏ ላይ አድርጋ ሳቀች። ልጃቸው እንዳታፍር ብለው አብረዋት ወድቀዋል። ብሩክታይት እንደ ገና አግቢ ብትባል ይህንኑ ሰው ታገባለች።

ሐኪሟ የላይኛዋ ፊደል ምን እንደሆነች ጠየቀች። አቶ ልዑልሰገድ ጉሮሯቸውን ጠረጉ።

«ኢ!» አሉ፣ በሙሉ ልብ።

«ዳዲ!» አለች ዕንቁ ከጥጉ። «አይታየኝም በል!»

አቶ ልዑልሰገድ ዓይናቸውን አጥብበው ግድግዳውን እንደ ገና አዩ።

«አይታየኝም» አሉ።